የወፍ ወሬ

አዲስ አበባ ውስጥ ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይ ሰው ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ልብስ አስጥቶ ዝናብ የፈራ ነው፤ ወይ መብራት ጠፍቶበት የሰፈሩን ትራንስፎርመር የሚመረምር ነው፤ ወይ ደግሞ ቤተሰቡ ጠበል ሊወስደው ቀን የቆረጠለት ነው። አራተኛ ዓይነት ሰው መኖሩን ሰፈራችን ገና አልተቀበለም። እኔ የዚህ የአራተኛው ወገን ነኝ። ወፍ አያለሁ።

«ወፍ ማየት ደግሞ ምን ሥራ ነው? ዓይን ያለው ሁሉ ያያል!» ይሉኛል ዘመዶቼ። እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም ያያል። እኛ ግን አይተን አንተውም። ማን እንደሆነች እንጠይቃለን። የት እንዳደረች፣ ከማን ጋር እንደታየች፣ ምን ስትበላ እንደነበረ እናጣራለን። ባሏ ከሌላ ጋር ታይቶ ከሆነም አናልፈውም። ከዚያ ስልካችንን አውጥተን ለወዳጆቻችን እናዳርሳለን። ይህ ሁሉ በጎረቤት ላይ ቢደረግ ሐሜት ነው፤ ንስሐ ያስገባል። በወፍ ላይ ሲደረግ ጥናት ይባላል። ወሬ ለሚወድና ኩነኔ ለሚፈራ ሰው ከዚህ የተሻለ መጠለያ አላውቅም። የታማው አይቀየምም፣ ትዳር አይፈርስም፣ ሽማግሌ አይላክም።

ችግሩ መሣሪያው ነው። ሩቁን የሚያቀርበው መነጽር በእኛ አገር የታወቀው «የጦር ሜዳ መነጽር» ተብሎ ነው። ይህን አንገት ላይ አንጠልጥሎ ከተማ ለከተማ መዞር ለማስረዳት ጊዜ ያለው ሰው ይፈልጋል። አንድ እሑድ ጠዋት ከአንድ ትልቅ ግቢ አጥር ውጭ ቆሜ ጥድ ላይ ያለች ወፍ ሳይ ዘበኛው ዱላውን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን እያዩ ነው?»

«ወፍ።»

«የማን ወፍ?»

ጥያቄው ከባድ ነው። «የማንም» እንዳልል ግቢው ባለቤት አለው። «የመንግሥት» ብል ነገሩ ይብሳል። «የእግዜር» ብል ደግሞ ጠበል ወደሚወሰዱት ወገን ይመድበኛል። መልስ ሳጣ መነጽሩን አውልቄ ሰጠሁት። መጀመሪያ በግልባጩ አነጣጥሮ እኔን አየኝ። በዚያ በኩል ስታይ ብዙም እንደማላሰጋ ገባው መሰለኝ፣ ፊቱ ተፈታ። አዙሬ አስያዝኩትና ዛፉን አሳየሁት። ጉንጯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት አረንጓዴ ቱራኮ ነበረች። ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ስትሮጥ ቆየችና ብድግ ብላ ስትበር ክንፏ ደማቅ ቀይ ሆኖ ተዘረጋ።

መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ «ይቺ እዚህ ነው የምትኖረው?» አለ።

«ያውም አንተ ግቢ።»

ትንሽ አሰበና «ኪራይ ሳትከፍል!» አለ።

ስልክ ተለዋወጥን። አሁን አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ሴትዮዋ መጥታለች» ይለኛል። ባለቤቴ አጠገቤ ካለች ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አላደርገውም።

የወፍ ወሬ ለመልቀም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። አንዳንዶቹ ከእኛና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም አይገኙም። ሳንሰለፍ የደረሰን ነገር ቢኖር ይህ ነው። ገና ሳይነጋ ጣሪያችን ላይ እያሽካካ የሚያልፈው ጋጋኖ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሰፈራችን ጋጋኖን የሚያውቀው በእንቅልፍ ቀማኛነቱ ሲሆን፣ ባሕር ማዶ ያለው ወፍ ተመልካች ግን እሱን ለማየት ገንዘብ ያጠራቅማል። ማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት ርግብም እንዲሁ የዚሁ ደጋ ተወላጅ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር ተደርድራ ቅዳሴ ስታስቀድስ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ወፍራም ምንቃር ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ቁራም ከአፍሪካ ቀንድ አይወጣም። ለዚህ ነው እንግዳችንን ሙዚየም ልናስጎበኝ ስንጣደፍ እሱ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ተገትሮ፣ እንባ አቅርሮ ቁራ የሚያየው።

ወፍ የማያውቅ ሰውም ቢሆን ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ የምታንዣብበውን ጭልፊት ያውቃታል። ፌስታል የያዘን እጅ ከሌላው እጅ ለይታ የምታውቀው እሷ ናት። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ደግሞ አባ ኮዳን አይረሳውም። ዓሣ አጥማጆቹ መሃል ራሰ በራውን አቀርቅሮ፣ ጥቁር ካፖርት እንደ ደረበ የዕድር ሊቀመንበር ተራውን ሲጠብቅ ይውላል። ቆርጠው የጣሉት ዓሣ ካነሰው የሚያይበት አስተያየት መዋጮ ያልከፈለ ሰው የሚታይበት ነው።

የእኛ የወፍ ወሬኞች ሸንጎ ቴሌግራም ላይ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ የታክሲ ሹፌር አለ፣ የጥርስ ሐኪም አለች፣ ብዙ የሚያውቅና ጥቂት የሚናገር አስጎብኚ አለ። ዘበኛውም ገብቷል። ሸንጎ ከሆነ ደግሞ ጠባይ አይጠፋም።

አንደኛው ፎቶ ልኮ የሚሰወረው ነው። ፎቶው ላይ ብዙ ቅጠል፣ ትንሽ ሰማይ፣ መሃሉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ አለች። «ይቺ ማን ናት?» ይላል ከሥሩ። መምህሩ አጉልተው፣ አዙረው፣ መነጽራቸውን ጠርገው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይህም ቅጠል ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሁለተኛው ተጠራጣሪው ነው። ፀሐይ ወጣች ብትለው «ፎቶ አለህ?» ይላል። ሦስተኛው ተፎካካሪው ነው፤ ዛሬ አንድ አየሁ ካልክ እሱ ትናንት ሰባት አይቷል፤ ያውም ከነጫጩቶቻቸው። አራተኛው ቀልደኛው ነው። በፋሲካ ዋዜማ እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ «የታየው፦ ገብስማ አውራ ዶሮ። ቦታ፦ ቤቴ። ብዛት፦ 1። ሁኔታ፦ እስከ ዛሬ ማታ የመጥፋት አደጋ የተደቀነበት።» ተጠራጣሪው «ፎቶ አለህ?» አለ። በማግስቱ የድስት ፎቶ ተላከለት።

ቀልዱ ቀልድ ቢሆንም ቀልደኛው ደንባችንን እንዳልዘነጋ ልብ ይሏል፤ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት። እነዚህን ያላሟላ ወሬ ከእኛ ዘንድ ወሬ አይደለም። ደንቡን እኛ አልፈጠርነውም። በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኢበርድ የተባለው መዝገብ ከመላው ዓለም የሚሰበስበው ይህንኑ ነው፤ ብርቅ ነገር አየሁ ያለ ሰው ካለ ማስረጃ የሚጠይቅ አጣሪ አለበት። ተጠራጣሪያችን ይህን ሲሰማ ዕድሜ ልኩን በነፃ የሠራው ሥራ የክብር ቦታ እንዳለው ገብቶት አንድ ሳምንት ሙሉ ተኮፈሰ። የአገራችንም ወገን ቢሆን ትናንት የበቀለ አይደለም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከተመሠረተ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ወሬ በወግ በማዕረጉ ሲያስመዘግብ የኖረ ነው።

«ወፍ ካየሁ አየሁ ነው፤ አድራሻዋ ምን ያደርግላችኋል?» የሚል ሰው ካለ የልዑል ሩስፖሊን ታሪክ ይስማ። ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በ1890ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ደቡብ እየዞረ የሚያስስ ጣሊያናዊ ልዑል ነበር። በጉዞው ከሰበሰባቸው ወፎች አንዷ ነጭ ጉትዬ ያላት፣ ክንፏ ቀይ፣ ሳይንስ ከዚያ በፊት የማያውቃት ቱራኮ ነበረች። ልዑሉ ወፏን ከዕቃው ጋር አኖራት። የት እንዳገኛት ግን አልጻፈም። «ማታ እጽፈዋለሁ» ብሎ ይሆናል፤ ሁላችንም እንላለን። በ1893 ዝሆን ገደለው። ዕቃው ጣሊያን አገር ደረሰ፤ ሳልቫዶሪ የተባለው የወፍ ሊቅ በ1896 ወፏን በሟቹ ልዑል ስም ጠራት። አድራሻዋን ግን የሚያውቀው ዝሆኑ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል?

እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ድረስ፣ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ማለት ነው፣ ሳይንስ አጥቷት ኖረ። እሷ ግን የትም አልሄደችም። ከአሬሮና ከነጌሌ ቦረና አካባቢ ዛፍ ላይ ሆና ፍሬዋን ትለቅም ነበር። የአካባቢው ሰው ያያታል፤ ወደ እሱ ዞር ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መምህራችን ይህን ታሪክ ሲያነሱ ከኖኅ መርከብ ይጀምራሉ። ቁራው ሄዶ ቀረ፤ ስለዚህ ተልኮ የሚቀርን ሰው እስከ ዛሬ የቁራ መልእክተኛ እንለዋለን። ርግቧ ግን የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ ተመለሰች፤ ያየችውን ከነማስረጃው አቀረበች። «ቅጠሉን ከየት እንደቀጠፈች ባትጽፍም» ይላሉ መምህሩ፣ «ለጀማሪ ደህና ናት።»

በሌላው ጫፍ የነጭ ሣር ታሪክ አለ። በ1990 እ.ኤ.አ. ከአርባ ምንጭ አጠገብ ባለው በነጭ ሣር ፓርክ ጥናት ላይ የነበሩ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ መኪና የዳጣት ወፍ አገኙ። ቀን መሬት ላይ ተለጥፈው ውለው ማታ ነፍሳት ከሚያድኑት ወገን ናት። ከሰውነቷ ደህና የቀረው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ተሻግሯት ይሄድ ነበር። እነሱ ክንፏን አነሱ፣ ቦታውን መዘገቡ፣ ይዘው ሄደው ከሚታወቁት የወፍ ናሙናዎች ጋር አስተያዩአት። ከአንዱም ጋር አልገጠመችም። በ1995 አዲስ ዝርያ መሆኗ ታተመ። እንግዲህ ልዑሉ ሙሉ ወፍ ይዞ አድራሻ አልነበረውም፤ እነዚህ አድራሻ ይዘው ወፍ አልነበራቸውም። ሳይንስ ያመሰገነው ሁለተኞቹን ነው። ይህን ካወራን ወዲህ ተጠራጣሪያችን ትንሽ ለዝቧል። ክንፍም ቢሆን ይቀበላል።

የማይወራም ወሬ አለን። ጎጆ የት እንደተሠራ፣ ጉጉት የት እንደምትውል ቦታው አይጻፍም። የጉጉት ስም በአገራችን ድሮ ጠፍቷል። ጣሪያ ላይ ሆና ከጮኸች ሰው ሊሞት ነው ይባልና ድንጋይ ይወረወርባታል። ሌሊቱን ሙሉ አይጥ ስትለቅምልን ማደሯን የሚቆጥርላት የለም። ስለዚህ እሷ ስትታይ «ቦታ፦ አንድ ግቢ» ብቻ እንላለን። ተፎካካሪው እንኳ ስንት ግቢ እንደሚያውቅ አይናገርም። ወሬኛ ተሰብስቦ ምስጢር ሲጠብቅ ማየት ከማንኛውም ወፍ ይበልጥ ብርቅ ነው።

ከውጭ የሚጽፉልንም አሉ። አንዷ እስራኤል ነው የምትኖረው። ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚወርዱ ሽመላዎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሩቅ አይሄዱም፤ ከሞቀ ምድር በሚነሣ አየር ላይ ተንሳፍፈው ነው የሚጓዙት። እንዲህ ያለው አየር ባሕር ላይ ስለማይገኝ ብዙዎቹ ባሕሩን ዞረው በእስራኤል በኩል ያልፋሉ። በጎንደር ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ሽመላ ሲያልፍ ባዩ ቁጥር ቀና ብለው ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት እንደነበረ በማኅበረሰቡ ዘንድ የታወቀ ነው። ሽመላው አልመለሰላቸውም። ዛሬ መልሱን ከዚያው አገር የምትልክልን ይህቺ ጓደኛችን ናት። ነሐሴ ላይ «ዛሬ በብዛት አለፉ፤ ወደ እናንተ ናቸው» ብላ ትጽፋለች። ከውጭ ሰው ይመጣል በተባለ ቁጥር ሻንጣ የምንጠብቅ ሰዎች ነንና ሹፌሩ «ምን ይዘው?» ብሎ ይጠይቃል። ባዶ እጁን የሚመጣ እንግዳ በደስታ ስንቀበል ሽመላ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ ይበልጥ ያጨቃጨቀን ግን የመስቀል ወፍ ነው። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ በስሙ ይሰደባል፤ ወፉ ራሱ የትኛው እንደሆነ ግን አገር አልተስማማም። ደገኛው በክረምት መውጫ ሜዳው ላይ ቢጫና ጥቁር ለብሶ፣ ላባውን ነፍቶ ከሣር ሣር የሚንሳፈፈውን ትንሽ ወፍ ያሳይሃል። ቆለኛው ቀይና ጥቁር የለበሰውን ይልሃል። ከሁለቱ ማን እንደሚረታ አላውቅም። ነገር ግን ሁለቱም አልሄዱም። ወንዱ የሚያጌጠው ለሚዳርበት ወቅት ብቻ ነው። ዝናቡ ሲያልፍ የሙሽራ ልብሱን አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ዥንጉርጉር ይለብሳል። ከዚያ ወዲያ ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅሎ ዓይናችን ሥር እህል ሲለቅም ይከርማል። በዓመት አንዴ ብቅ የምንለው እኛ ነን፤ ስድቡን ግን እሱ ይሰደባል።

ይህን ያረጋገጥነው የጥርና የግንቦት ወሬ ስለነበረን ነው። መምህሩ በየወሩ አንድ ሜዳ እየሄዱ ያያሉ፤ ተመልሰው «ቡናማ፤ ብዛት 40 ያህል፤ ደህና ናቸው» ብለው ይጽፋሉ። ፎቶው አያምርም። የልብ ምልክት የሚሰጠው ሰው የለም። ተፎካካሪው እንኳ አይፎካከርም። እኔ ግን ሸንጎው ቢፈርስና አንድ ነገር ብቻ አትርፍ ብባል የማተርፈው ይህን ነው። ያጌጠ ወፍ የመስቀል ዕለት ሁሉም ያያል። ያላጌጠውን ግን ነገ የሚጠይቁት ወዳጆች ያሉት ሰው ብቻ ነው ሄዶ የሚያየው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ለ40 ቡናማ ወፍ ጫማዬን ጭቃ አላስነካም ነበር።

ይህን ሁሉ ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ማሽላ ሲጠብቁ ላደጉት አጎቴ አጫወትኳቸው። እስኪያልቅ በትዕግሥት ሰሙኝና፣

«እኛ ወፍ እንዲሄድልን ስንጮኽ አደግን፤ እናንተ ወፍ እንዲመጣላችሁ ዝም ብላችሁ ትቀመጣላችሁ?» አሉ።

የእሳቸው ወፍ ግሪሳ ነው። በዱር ከሚኖሩ የዓለም ወፎች ሁሉ ግሪሳን በብዛት የሚስተካከለው የለም ይባላል። ማሽላው እሸት ሲይዝ መንጋው ደመና ሆኖ ይወርዳል። ልጆቹ እርሻው መሃል ማማ ሠርተው፣ ወንጭፍ ይዘው ከንጋት እስከ ማታ ይጠብቁታል።

«እንዴት ታውቁ ነበር መምጣቱን?» አልኳቸው።

«ከወዲያኛው ማማ ይጮኻላ! በወንዙ በኩል! ብዙ ነው! ወዳንተ ነው! እኔ ደግሞ ተቀብዬ ለቀጣዩ ማማ።»

የት፣ መቼ፣ ስንት። ኮርኔል ሳይሰማ፣ ቴሌግራም ሳይፈጠር፣ ያለ ካርድና ያለ ኔትወርክ። ይህንኑ ስነግራቸው ሳቁና «ታዲያ እናንተ የጎደላችሁ ድንጋይ ብቻ ነዋ» አሉ።

የልጅ ልጃቸው ሸንጎው ውስጥ አስገባቻቸው። መጻፍ ስለማይወዱ በድምፅ ነው የሚልኩት፤ ያውም ማማ ለማማ በሚጠራሩበት ድምፅ። የመጀመሪያ ወሬያቸው ባለፈው ጥቅምት ሸዋ ሮቢት ሄደው ሳሉ መጣ። «ግሪሳ! ሺህ ይሆናል! ወደ ሰሜን! ተቀበሉ!» የጥርስ ሐኪሟ የበሽተኛ አፍ ከፍታ እያለ መልእክቱን ከፍታው ኖሮ በሽተኛው ከወንበሩ ተነሥቷል አሉ።

ተጠራጣሪው ወዲያው ጻፈ፤ «አባባ፣ ፎቶ አለዎት?»

መልሳቸው በድምፅ መጣ።

«ፎቶ የለኝም። ወንጭፍ አለኝ።»